የእርስዎ አንድ ተቃውሞ

ደሴ፣ መስከረም 2010 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ቀለሙ፣

እንደምን ከርመዋል? ወይዘሮ ወለተ ማርያምስ ደኅና ናቸው? ይህን የሚያነቡልዎት እሳቸው መሆናቸውን ስለማውቅ ፊደሉን ሰፋ ሰፋ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ሳምንት የአስታራቂ ኮሚቴያችን ዘመን አለቀ። በድረ ገጻችን በ«ወሎ ማኅደር» አዲስ ምርጫ ተጠርቷል፤ ሰዉም ድጋሚ ተወዳደሪ እያለ ይጽፍልኛል። «ጠቡን ሁሉ የምታውቂው አንቺ ነሽ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ጠቡን ሁሉ አውቀዋለሁ። ግን ደክሞኛል ጋሽ ቀለሙ። ተኝቼ ስነሳ የሚለቀኝ ዓይነት ድካም አይደለም። ለእነሱ መልስ ከመስጠቴ በፊት ለእርስዎ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ማኅደሩን ያወቅሁት ፒያሳ፣ ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ በላይ ካለው ከበሽር ኢንተርኔት ቤት ነው። ማንም ሰው ስለ ወሎ የሚያውቀውን ያለ ክፍያ የሚጽፍበት፣ ሌላው ደግሞ የሚያርምበት ድረ ገጽ አለ ሲለኝ፣ ስለ ቢስቲማ ገበያ ጥቂት መስመር ሞነጫጨርኩ። በማግስቱ ከሥሩ የእርስዎን ጥያቄ አገኘሁ። «ይህን ማን ነገረሽ?» የሚል። «እናቴ» ብዬ መለስኩ። ሊያሾፉብኝ ነው ብዬ ነበር። እርስዎ ግን «እናትሽ በቂ ምስክር ናቸው፤ ስማቸውን ጻፊ» አሉኝ። ረሂማ ብዬ ጻፍኩ። የእናቴ ስም ከቀበሌ መታወቂያዋ ውጭ የትም ተጽፎ አያውቅም ነበር። ቤት ገብቼ ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ነው የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ የመጣሁት፤ ለሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩትን ሰውዬ ለማየት። መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ደነገጡ። «በጽሑፍሽ የስልሳ ዓመት ሴትዮ መስለሽኝ ነበር» አሉኝ። ያን ቀን ከማንም ሰው ጋር ያላወራሁትን ያህል አወራሁ።

ችግሩ የመጣው ስለ ወርቄ ምንጭ በተጻፈው ገጽ ነው። የኮምቦልቻዋ አትጠገብ ጠበል ነው ብላ ጻፈች። የደሴው ፉርቃን ሰርዞ፣ በሼኾች ዱዓ የፈለቀ ውሃ ነው ብሎ ጻፈ። እሷ ደግሞ የእሱን ሰረዘች። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ገጹ ጠዋት የአንዱ፣ ማታ የሌላው ሆነ፤ የቀረውም አባል ጎራ ለይቶ ይሰዳደብ ጀመር። «ሽማግሌ ያስፈልገናል» ያሉት እርስዎ ነዎት። «ሽማግሌ ደግሞ ራሱን አይሾምም፤ እንምረጠው።» ሕጉን ጻፉልን፦ ለተወሰነ ጊዜ የጻፈ አባል ሁሉ ይመርጣል። ተወዳዳሪው በአደባባይ ይጠየቃል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ከተወዳዳሪው ስም ሥር ድጋፍ ወይም ተቃውሞ ብሎ፣ ከነምክንያቱ፣ በገዛ ስሙ ይጽፋል። ብዙ ድጋፍ ያገኙ አምስት ሰዎች አስታራቂ ኮሚቴ ይሆናሉ።

እኔ ልወዳደር ነው ስል ቤታችን ምን እንደሆነ አልነገርኩዎትም። የሙስሊሙን ጥያቄ ያነሱት የኮሚቴ አባላት ታስረው ስለነበር፣ ኮሚቴ የሚለው ቃል በዚያ ሰሞን በእኛ በሙስሊሞቹ ሰፈር ቀላል ቃል አልነበረም፤ ያውቁታል። አባቴ ሜትሩን አስቀመጠና «ኮሚቴ ከሚባል ነገር ውስጥ ስምሽን እንዳላይ» አለኝ።

«አባዬ፣ ስለ ምንጭና ስለ ገበያ የሚጣሉ ሰዎችን ማስታረቅ ነው።»

«ቢሆንስ? ሌላ ስም አጣችሁለት?»

በሽርም ሰምቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምን ምርጫ ነው? ቤቴን እንዳታዘጊው።»

«የድረ ገጽ ሽማግሌ ነው፤ አብሽር፣ አትስጋ።»

«ማን እንደሚያሸንፍ ታውቋል?»

«ገና ሳይመረጥ እንዴት ይታወቃል?»

ትንሽ አሰበና «እንዲህም ያለ ምርጫ አለ ለካ» አለ። የ2007 ክረምት ነበር፤ የአገሩ ምርጫ መቶ በመቶ ተብሎ ካለቀ ገና ወራቱ ነበር።

ጥያቄውን ሁሉ መለስኩ። ድምፅ መስጠት ሲጀመር በየቀኑ እየወጣሁ አያለሁ፤ ድጋፍ፣ ድጋፍ፣ ድጋፍ። ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የእርስዎን አየሁ። «ተቃውሞ። ሁስኒያ መጻፍ የምትችል ልጅ ናት። ከእናቷ ሰምታ ያልጻፈችው ገና ብዙ አለ። የሰው ጠብ ጊዜዋን ይበላዋል። ቀለሙ።»

በሽር ከኋላዬ ሆኖ አነበበው። «እኚህ ሰውዬ ባይኖሩ መቶ በመቶ ነበርሽ» አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር። እኔ ግን ፊቴ ተቃጠለ። ከሰው ሁሉ ለይተው እርስዎ? ስልክ ደውለው «ተይው» ቢሉኝ እተወው ነበር እኮ። ተመረጥኩ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ሳይሉኝ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ማኅደሩ ላይ አንድም መስመር አልጻፉም። ተኮራረፍን ብዬ ደመደምኩ፤ እኔም አልደወልኩም።

የመጀመሪያው ጉዳያችን ያው ወርቄ ምንጭ ሆነ። ፉርቃንና አትጠገብን ፒያሳ አንድ ሆቴል ጠርቼ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ለረጅም ጊዜ ሻዩን ብቻ ሲያማስሉ ቆዩ።

«አያቴ ከምንጩ በላይ ነው የተቀበሩት» አለ ፉርቃን። «በእሳቸው ዱዓ ነው የፈለቀው እየተባልኩ ነው ያደግሁት።»

«እናቴን በቃሬዛ ነው ያወረዷት» አለች አትጠገብ። «ተጠምቃ በእግሯ ነው የተመለሰችው። አንተ እሱን ነው የሰረዝከው።»

«እኔ እናትሽን አልሰረዝኩም።»

«ታዲያ ማንን ነው የሰረዝከው?»

ፉርቃን ብርጭቆዋን አየት አደረገ። በኋላ «ሻይሽ ቀዝቅዟል፣ ሌላ ልዘዝልሽ?» አላት። እሺ አለችው። እኔም በልቤ ኮሚቴ ማለት ይህ ከሆነ ጋሽ ቀለሙ ተሳስተዋል አልኩ። ሁለቱም ታሪክ፣ እያንዳንዱ በተናጋሪው ስም እንዲጻፍ ተስማምተን ተጨባብጠው ተለያዩ።

ከዚያስ? የማን ይቅደም የሚል ተነሳ። በፊደል ተራ ይሁን አልን። «አ» ከ«ፈ» ስለሚቀድም ፉርቃን «አስባችሁበት ነው» አለ። ከስምምነቱ በኋላ ቀድሞ የጻፈ ይቅደም ስንል አትጠገብ ማን ቀድሞ እንደጻፈ ተከራከረች። አምስታችንም እርስ በርስ አልተስማማንም። ወራት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ማንም እንዳይነካው ገጹን ቆለፍነው፤ እሱን ነው እንግዲህ ውሳኔ ያልነው። ፉርቃን ደብዛው ጠፋ። አትጠገብም አለች እንጂ መጻፉን ትታዋለች። ከእነሱ በኋላ ሌላ ጠብ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። የአንዱ ወንዝ ስም፣ የአንዱ ሰውዬ የትውልድ ቀበሌ፣ «ሰደበኝ»፣ «አልሰደብኩትም»። ሁሉንም አነበብኩ። አገሩ ታውኮ የስልክ ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት እንኳ አላረፍኩም፤ ሲከፈት የሚጠብቀኝ ክርክር ይታየኝ ነበር።

እናቴ በዚህ መሀል ታመመች። አልጋዋ ላይ ሆና ስለ ቢስቲማ ገበያ እህል ሰፋሪ ሴቶች ትጀምርልኛለች፤ ማን ማንን እንዳገባች፣ በድርቁ ዘመን በየትኛው መንገድ እንደተሰደዱ። «ቆይ እማ፣ ይህን አንድ ጉዳይ ልጨርስና እጽፈዋለሁ» እላታለሁ። «አብሽሪ ልጄ፣ የት እሄድብሻለሁ» ትለኛለች። በመጋቢት ሞተች።

ለቅሶው ላይ መጡ። አባቴ ተነስቶ ከጎኑ ሲያስቀምጥዎት በበሩ ስንጥቅ አየሁ። በኋላ ሊወጡ ሲሉ ፊት ለፊትዎ ቆምኩ። «ሁስኒያ ነሽ?» አሉኝ። አጠገብዎ ቆሜ እንዲህ መጠየቅዎ ወቀሳ መሰለኝ። ያኔ ነው እጅዎ የወይዘሮ ወለተ ማርያም ትከሻ ላይ መሆኑን ያየሁት። ዓይንዎ ወደ እኔ ነበር፣ እኔ ላይ ግን አላረፈም።

መኪና እስኪመጣ ወይዘሮ ወለተ ማርያምን ወደ ጎን ወሰድኳቸው። «ዓይናቸው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ከዚያ ከምርጫችሁ ክረምት በፊት ጀምሮ። ያችን የመጨረሻዋን ጽሑፍ እሱ እያለ እኔ ነኝ በአንዲት ጣቴ የለቀምኳት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔም ንገራት ብዬው ነበር። ‹አዝናልኝ እንድትቀር አልፈልግም፤ ካሳመናት ምክንያቴ ያሳምናት› አለኝ።»

መኪናው መጣ። ምንም ሳልልዎት ሄዱ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ለመደወል ስልክ አንስቼ አስቀምጫለሁ። ምን እላለሁ? ትክክል ነበሩ ልበልዎት? ትክክል መሆንዎ ለሁለታችንም የሚጠቅመን አይመስለኝም። አንዳንዴ ደግሞ ያ ምንጭ ያለ ኮሚቴ ሰው ያጋድል ነበር ይሆናል እላለሁ። ፉርቃን ለአትጠገብ ሻይ ሲያዝላት አይቻለሁ፤ ያንን ወላሂ አልክደውም። አንድ ሰው መሥራት ነበረበት። እኔ መሆን ነበረብኝ ወይ የሚለውን ግን ከእንግዲህ አልጠይቅም።

ዛሬ ጠዋት ለሁሉም ጻፍኩላቸው፤ አልወዳደርም። «ለምን?» አሉኝ። ሌላ ሥራ አለኝ አልኩ። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ግን ምን ሥራ እንዳለኝ ገና አላወቅሁም ነበር። ከሰዓት በኋላ አባቴ ሱቅ ተቀምጬ ሳለ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ስንቱን ሰው ማን ነገረህ፣ ማን ነገረሽ ሲሉ ኖረው፣ እርስዎን የጠየቀ ሰው የለም። ከየት መጥተው ኮምቦልቻ እንደቀሩ እንኳ አላውቅም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት ከተማው ምን ይመስል እንደነበር፣ መጀመሪያ ያስተማሯቸው ልጆች የት እንደደረሱ፣ ወይዘሮ ወለተ ማርያምን የት እንዳገኟቸው... ይህን አሁን ጮክ ብለው የሚያነቡት እሳቸው ስለሆኑ፣ እሳቸውም የሚጨምሩት አያጡም።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። ምን ልንገራት ብለው ከአሁኑ አይጨነቁ፤ ከፈለጉት ይጀምሩ፣ የደከመዎት ቦታ ያቁሙ። ያላለቀው ለሌላ ቅዳሜ ይቆየናል። ከእንግዲህ የሚጠብቀኝ የማንም ጠብ የለም።

አክባሪ ልጅዎ፣
ሁስኒያ ዘይኑልአቢዲን