ለተራራው ንጉሥ፦ ዳገት እምቢ ያለችውን መኪናዎን ማን እንዳዳናት

ይድረስ ለግርማዊ ግሪሙር፣ በሸለቆአችን ገበሬዎች እጅ በማውጣት ለተመረጡ የተራራው ንጉሥ፣ የበጎች ሁሉ ሰብሳቢ፣ ደግሞም ለእናቴ አባት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ፣ ወገብዎና በመዋኛው ፍል ውሃ ገንዳ ውስጥ ያለው የዘወትር ቦታዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የልጅ ልጅዎ ብሪንያ፣ ቅናት አንጀቴን እየላጠው ከመሆኑ በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ቤት ውስጥ በእጅዎ ልሰጥዎ እችል ነበር፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ የምናገረው ሁሉ ጆሮዎ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ስለሚቀር፣ እርስዎና አማካሪዎችዎ በየማለዳው ፎጣ ይዛችሁ በምታልፉበት በመዋኛው በር ላይ መለጠፉን መርጫለሁ።

ጉዳዩ አሮጊቷን ባለ ናፍጣ መኪናችንን ይመለከታል። በመስከረም ፈረሰኛው ሁሉ በጎቹን ከተራራ ለማውረድ ሲወጣ፣ ሾርባውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የደከመውን ጠቦትና የደከመውን ሽማግሌ ጭኖ የሚከተለው የስንቅ ሹፌር ከንጉሡ ቀጥሎ ትልቁ ሰው መሆኑን ማንም አይክድም። እኔ ያን ወንበር እግሬ ፍሬን ላይ ሳይደርስ ጀምሬ ተመኝቼዋለሁ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁትም ለዚሁ ነው። እርስዎም በገበሬዎች ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ «ይቺን መኪና እንደ ድሮዋ ዳገት ያስወጣልኝ ሰው በመስከረም ስንቁን ጭኖ ይነዳታል» ብለው ሲናገሩ፣ ቃልዎ የንጉሥ ቃል ስለመሰለኝ አመንኩ። እንግዲህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። ኮፈኗን አንድም ቀን ሳይከፍቱ፣ እስከ አንገታቸው ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፍቀው መኪናችንን ለመረመሩልን አማካሪዎችዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንዱ «ፓምፑ ነው፤ እኔ በድምፅዋ ነው የማውቀው» አሉ። ሌላው «አየር የሚገፋላት ተርቦዋ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር» ብለው ቀበሩት። ሦስተኛው፣ ለበረዶ ይሆናል ብለው ያን ትልልቅ ጎማ ያስገጠሟት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ረስተው፣ «ማነው ይሄን የትራክተር ጎማ ያለበሳት?» ሲሉ ጠየቁ። ፓምፑ ተፈቶ ከተማ ወርዶ ተመለሰ፤ መኪናዋ ግን ያው ናት። በመጨረሻ ግርማዊነትዎ፣ «አርጅታለች በቃ! እኔስ ዳገት ላይ እንደሷ አይደል የምሆነው?» ብለው ፈረዱ፤ ገንዳው በሙሉም ራሱን ነቀነቀ።

ሁለተኛ። የአክስቴን ልጅ ስቲርሚርን ከሬይካቪክ ስላስጠሩልን እጅ እነሣለሁ። ስቲርሚር ከስልኩ ጋር የሚነጋገርና የመኪናን በሽታ የሚያነብ መሣሪያ ይዞ መጣ። ከዚያም ግማሽ ቀን ሙሉ የመሣሪያውን መሰኪያ ፍለጋ በመኪናዋ ሆድ ሥር ተሳበ። መኪናዋ በዕድሜ ስለምትበልጠው እንዲህ ያለው መሰኪያ ከመጀመሪያውም አልተሠራላትም፤ እርስዎ ግን አጥር ላይ ተደግፈው፣ «እዩት እንግዲህ! የተማረ ልጅ ሲፈልግ እንዲህ ነው» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ያን ሰዓት በረት እየጠረግሁ ስለነበር ስፈልግ አልታየሁም።

ሦስተኛ። ባልተማረ አእምሮዬ ያሰብኩትን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ደህና ናት፤ ዳገት ስትጀምር ግን ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከኋላዋም ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ደርሶ አየሩ ሲቀር የሚመጣ ነው። እንግዲያው ፓምፑ ምን በደለ? የአየር ማጣሪያውን ከፍቼ አየሁት፤ አዲስና ንጹሕ ነው። ማጣሪያውን በቦታው ትቼ፣ የማጣሪያውን ቤት ክዳን ብቻ አላልቼ ከበረቱ ጀርባ ያለውን ዳገት ሞከርኳት፤ እንደ ጥጃ ዘለለች። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት፤ እንደገና እንደ አማካሪዎችዎ ሆነች። ስለዚህ የሚያንቃት ነገር ያለው ከማጣሪያው በላይ ነው ማለት ነው። ወንዝ ስትሻገር ውሃ እንዳትጠጣ አየር የምትስብበት፣ በመስታወቷ ጎን ሽቅብ የቆመ ቱቦ አላት አይደል? ኮፈኗ ላይ ወጣሁና የቱቦውን ቆብ ፈታሁት።

ካልሲ ነበር፣ ግርማዊ ሆይ። የሱፍ ካልሲ፣ በቱቦው አፍ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተጠለቀ። እኔ የወተት ጥርሴን በምቀይርበት ዘመን እሳተ ገሞራው በሸለቆአችን ላይ አመድ ሲያዘንብ፣ ሞተሯ አመድ እንዳትውጥ ብለው ከእግርዎ አውልቀው ያለበሷት ካልሲ! ብልሃቱ በዚያ ሳምንት ድንቅ ነበር። አመዱ ሲያበቃ ማውለቅ ብቻ ነበር የቀረው። ሱፍ በዝናብና በአመድ እየታሸ ይህን ያህል ዓመት ሲከርም ምን እንደሚሆን ዕድሜዎን በሙሉ በግ ላረቡ ሰው አላስተምርም፤ የጫማ ሶል ሆኖ ነው ያገኘሁት።

አራተኛ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝም ይኸው ነው። ካልሲውን ይዤ እየሮጥኩ መጥቼ «አያቴ፣ አገኘሁት!» ብልዎ፣ ዘወር ሳይሉ፣ «ቆይ አንቺ ልጅ፣ ልጁ ሥራ ላይ ነው። ባይሆን እጁን የሚጠርግበት ነገር አቀብይው» አሉኝ። እኔ ታዛዥ ልጅ ነኝ፤ በእጄ የነበረውን አቀበልኩት። ስቲርሚር ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገበትና፣ «ተባረኪ፣ ብሪንዬ» ብሎ ወረወረው። ከዚያ ሞተሯን አስነሥቶ ዳገቱን ሽቅብ በረረ። ሁሉም አጨበጨበ። ምን እንዳደረገ ሲጠየቅ «ሴንሰሩን እንደገና አስጀመርኩት» አለ፤ ሴንሰር ለሌላት መኪና ይህ በእውነት ተአምር ነው። እርስዎም «የኔ ደም!» ብለው ትከሻውን መትተው ቁልፉን ሰጡት። እኔ በማን ደም እንደምንቀሳቀስ እናቴን እጠይቃለሁ።

ቅናት ነው የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ቅናት ነው! ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ወደ መዋኛው ሲነዳት፣ ለቁመቴ የሰፋሁትን ትራስ ከወንበሩ አንስቶ ለውሻው ሲሰጠው፣ ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» እያለ ሲጠራው ባየሁ ቁጥር ጥርሴ ይፋጫል። ገበሬዎቹ ቅዳሜ ይወጣሉ፤ እኔ ደግሞ በወጣው ድልድል መሠረት በእግሬ፣ በረግረጉ በኩል፣ ከሚያነክሰው አውራ በግ ጋር እንድሄድ ተመድቤአለሁ። ለተደረገልኝ አደራ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ዘውድዎ፣ ማለትም ያ የሱፍ ቆብዎ፣ በራስዎ ላይ ለዘላለም ይጽና እያልኩ፤

ፍጹም ታዛዥዎ፣ የበረት ጠራጊዎና የዶክተሩ ጨርቅ አቀባይ፣
ብሪንያ

ይህም ይታከል፦ ካልሲው ከዚህ ደብዳቤ ሥር በምስማር ተሰቅሏል፤ በውስጡ አመዱ፣ በውጭው የስቲርሚር ጣቶች ቅባት ይታያል። ጥለቱን የሠሩት ባለቤትዎ፣ አያቴ ስቴይኑን፣ የካልሲውን ጓደኛ «የጠፋው አንድ ቀን ይገኛል» ብለው እስከ ዛሬ በቅርጫታቸው አስቀምጠውታል፤ አንዱን በልቶብኛል እያሉም ያን ምስኪን ውሻ ሞሪን እስካሁን ይገሥጹታል፤ እርስዎም አጠገባቸው ተቀምጠው አንድ ቀን እንኳ ቃል አልተነፈሱም። አያቴ ስቴይኑን ነገ ጠዋት ለዋና ይመጣሉ። ደብዳቤውም ካልሲውም እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት እንዲወርድ የሚፈልጉ ከሆነ የመኪናዋን ቁልፍ ይዘውልኝ ይምጡ። ሞሪን ግን ይውረድም አይውረድም ይቅርታ ይጠይቁት።