ባቄላውን አርባ ያደረግሁት እኔ ነኝ

ሐይቅ፣ ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዝናቡ ገብረ ክርስቶስ፣
ጅግጅጋ

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥሁት። በስምህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ግን ሰላምታ ሳላደርስ ወደ ነገር ብገባ እማዬ ብታውቅ ትቆጣኛለችና መጀመሪያ እሱን ላድርስ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ሙቀቱን ለመድኸው ወይ? በሄድህ ሰሞን ያስቸግርህ የነበረው ጥርስህ ተሻለህ? ምግቡስ ይስማማሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ ዓይኔ በጭሱ እያለቀሰ ነው የምጽፍልህ። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ገና አልተመለሱም። በስልክ ስትደውልማ ታውቀኛለህ፣ «ደኅና ነኝ» ብዬ ስልኩን ለእማዬ ነው የማቀብላት። በወረቀት ግን ይሻለኛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ስትሄድ ኮምፒውተርህን ዘይኑልአቢዲን ሱቅ ጥግ ላይ አስቀምጠህ የይለፍ ቃሉን ለእኔ የሰጠኸኝ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የጨዋታህን የጠፈር ጣቢያ እንዳስነሣው ብቻ ነበር። ፎቶ ኮፒ ከማነሣበት ቦታ ሁለት እርምጃ ስለሆነ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ሳላስነሣው አልቀረሁም። ጨዋታህ አልሞተም፤ እንዲያውም ደምቋል። በሱቁ ስድስት ኮምፒውተሮችና ከደሴ በኢንተርኔት በሚገቡት ልጆች፣ ከሰዓት በኋላ እስከ ሃያ ሰው ጠፈሩ ላይ ይወጣል። አንዱ አየር ይጠብቃል፣ አንዱ የጣቢያውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ አንዱ ያክማል። ሒክማ እንደ ድሮዋ ማዕድ ቤቱን ይዛለች። እኔ የአትክልት ቦታውን፣ የመስታወት ቤቱን ይዣለሁ። እዚያ ውስጥ ማንም አያናግረኝም፤ በመስታወቱ ከዋክብቱ ይታያሉ፣ ባቄላዬ ይበቅላል። ደስ ይለኛል።

ችግሩ የጀመረው በፍልሰታ ነው። አንተ ጨዋታውን ስትሠራው ሥጋው አርባ ነጥብ ያጠግብ ነበር፣ ባቄላው ዐሥር ብቻ። ሥጋው ከመሣሪያ ስለሚወጣ ማን አረደው የሚል ጥያቄ የለም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ይበላል። ጾሙ ሲገባ ግን የጣቢያው መካኒክ አስረስ «የእኔ ሰውዬ በፍልሰታ ሥጋ አይቀምስም» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። የራበው ሰው ደግሞ እንደምታውቀው ይንፏቀቃል። ግድግዳው ተቀዶ አየሩ እየወጣ፣ አስረስ መፍቻውን ይዞ በዚያ ረጅም ኮሪደር እንደ ኤሊ ሲሳብ፣ እሱ ሳይደርስ ሁላችንም አለቅን። በአንድ ሳምንት አምስት ጊዜ አለቅን። ሒክማ «ምነው አስረስ፣ ያንተ የኮምፒውተር ሰውዬ መቼ ክርስትና ተነሥቶ ነው የሚጾመው?» ብላ ሳቀችበት። እሱም «አንቺስ በረመዳን ሰውዬሽን እስከ መግሪብ ስታስርቢው አልነበር?» ሲላት፣ «እሱስ ወላሂ እውነትህን ነው» ብላ ወደ ምጣዷ ዞረች።

እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳይቀር ስለዚያ ዐሥር ሳስብ ሰነበትሁ። አንድ ጠዋት ሱቁን ጠርጌ ስጨርስ፣ ማንም ሳይመጣ፣ አንተ ስትሠራበት ከጀርባህ ቆሜ አየው የነበረውን ፋይል ከፈትሁ። የምግቦቹን ስም በአማርኛ ስለጻፍኸው አልከበደኝም። ከባቄላ ፊት ያለውን ዐሥር አጥፍቼ አርባ አደረግሁት። ኮምፒውተሩ የለወጥሁበትን ምክንያት ሲጠይቀኝ «ጾም» ብዬ ጻፍሁ። ማን እንደለወጠው ግን አልጠየቀኝም፤ ባንተ መግቢያ ስለገባሁ ስሙን ራሱ ሞላው። ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ሲከፈት «ባቄላ ከ10 ወደ 40። ለዋጭ፦ ዝናቡ» የሚል ጽሑፍ ለሁሉም ታየ። ልጆቹ አጨበጨቡልህ። እኔ ፎቶ ኮፒው ላይ አቀርቅሬ ደስ አለኝ። ስሙ ያንተ መሆኑ እንዲያውም ተስማማኝ፣ ማንም ወደ እኔ አላየማ።

ጾሙ ሲፈታ ግን ነገሩ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ባቄላ በሁለት ደቂቃ ይደርሳል፣ ከተክሉ ቀጥፎ መብላት ነው። ሥጋው መሣሪያ ማሞቅ አለው፣ መቁረጥ አለው፣ መጥበስ አለው። እኩል ካጠገበ ማን ማዕድ ቤት ይሄዳል? የእኔ ጸጥ ያለ ቤት ገበያ ሆነ፣ ሒክማ ባዶ ማዕድ ቤት ውስጥ ግድግዳ ስታይ መዋል ጀመረች። ባለፈው ማክሰኞ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣችና «ዝናቡ ከማዕድ ቤት ሊያስወጣኝ ከፈለገ ፊት ለፊት ይንገረኝ! ጅግጅጋ ቁጭ ብሎ በቁጥር ያባርረኛል?» አለች። ዘይኑ «አብሽሪ፣ ባቄላ አምሮት ይሆናል» ሲላት አልሳቀችም። «የነሱ ጾም ሰኞ ይገባል፤ ያን ጊዜማ ጭራሽ ማን ይፈልገኛል? በዚያው እቀራለሁ» ብላ ወጣች።

ከስምንተኛ ክፍል ሳቋርጥ ደብተሯን ይዛ ሱቁ ድረስ እየመጣች የተማሩትን የምታሳየኝ እሷ ነበረች። ሌላ ጓደኛ የለኝም፣ ይህን ታውቃለህ። እሷ ስትወጣ የያዝሁትን ወረቀት ሁለት ጊዜ ኮፒ አድርጌ ዘይኑ ተቆጣኝ።

ቁጥሩን ወደ ዐሥር ልመልሰው ነበር፤ ነገር ግን ሰኞ አስረስ እንደገና ሊንፏቀቅ ነው። ኋላ የሒክማ እናት እትዬ መስኡዳ መናኸሪያው አጠገብ የሚሸጡት ፉል ትዝ አለኝ። ባቄላ ጥሬውን ማንን ያጠግባል? ተቀቅሎ፣ ተደቁሶ፣ ዘይት ሲያርፍበት ነው ለጾመኛውም ለሹፌሩም የሚበቃው። ስለዚህ ጥሬው ወደ ዐሥር ይመለስ፣ ማዕድ ቤት ገብቶ ፉል የሆነው ሠላሳ አምስት ይሁን፣ ሥጋውም አርባውን ይያዝ አልሁ። ያን ጊዜ እኔ ካላበቀልሁ ሒክማ አትሠራም፣ እሷ ካልሠራች የእኔ ባቄላ አይረባም።

መሞከሪያው ጣቢያ ላይ ብቻዬን ገብቼ ሞከርሁት። ባቄላው ይገባል፣ ዘይቱ ይጎድላል፣ ፉሉ ግን አይወጣም። አንድ ጠዋት ሙሉ ተቃጠልሁ። በማግስቱ ፊደል በፊደል ሳስተያይ፣ አንተ «ማዕድ ቤት» ብለህ የጻፍኸውን እኔ «ማእድ ቤት» ብዬዋለሁ። ስናነበው አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን እንደዚያ የሚባል ቤት ጣቢያው ላይ የለም። ባቄላዬን በሙሉ ወደሌለ ቤት ስልከው ነበር! የቱ ትክክል እንደሆነ አባባን ስጠይቃቸው «በዐይኑ ዐ ነው እንጂ! ድምፁ አንድ ነው እያላችሁ ፊደሉን ጨረሳችሁት፤ ወንድምሽ ይህን አይስትም» አሉኝ። ለምን እንደጠየቅኋቸው እንኳ ሳይጠይቁ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ። አስተካከልሁት፣ ፉሉ ወጣ። ባዶ ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ድምፄን ሰምቼ ደነገጥሁ።

ለውጡን ገና ለሰው አላወጣሁትም። በገዛ ስሜ መግቢያ ከፍቻለሁ፤ ከእንግዲህ የምነካው ነገር ሁሉ «ሠርክአዲስ» ተብሎ ይወጣል፣ የባቄላውም ለውጥ የማን እንደነበረ በምክንያቱ ቦታ ላይ እጽፈዋለሁ። ደብዳቤዬን የሚያደርስልህ የአክስታችን ልጅ ሽታው እሑድ ስለሚነሣ፣ እጅህ ሲገባ ጾሙ ገብቷል፤ ስለዚህ ፈቃድህን መጠበቅ አልቻልሁም። ብትቆጣኝ አይከፋኝም፣ ይቅርታህን ግን እለምናለሁ።

አባባ «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ሰንበትህን አትርሳ» ብለውሃል። እማዬ ጥርስህን በቀዝቃዛ ውኃ እንዳታስቆጣው ትላለች፤ ስለ ጥርስህ ከሁላችን በላይ የምታስበው እሷ ናት። ትንሿ ሰብለወንጌል የላክህላት ጫማ ጠቧታል፣ ግን ይወሰድብኛል ብላ «ልክ ነው» እያለች ታነክሳለች፤ ቀጥሎ ስትልክ አንድ ቁጥር ጨምርላት። ዘይኑልአቢዲን ኮምፒውተርህን አቧራ እንደማያስነካው ንገሪልኝ ብሏል። አስረስም ሰላም ብሎሃል። የሒክማን ሰላምታ ግን ልልክልህ አልቻልሁም።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሒክማ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ስለምታግዝ ጠዋት ፉል ቤቱ አላጣትም። ሹፌሮቹና ረዳቶቹ ቢሞሉትም እገባለሁ። ዝናቡ እንዳልሆነ፣ እኔ እንደሆንሁ እነግራታለሁ። ከዚያ ሠላሳ አምስቱ የእኔ ግምት ስለሆነ፣ ፉል ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና ምን ያህል እንደሚያጠግብ ትክክለኛውን ቁጥር እሷ እንድትሰጠኝ እጠይቃታለሁ። ካላናገረችኝም እንደ ሰዉ ሁሉ ፉል አዝዤ፣ እስክታናግረኝ ድረስ ቁጭ እላለሁ።

እኅትህ ሠርክአዲስ