የከድር መኪና የፊት እግር

ኅዳር 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጠዋት ስድስት ኩንታል ጤፍ ገባ፣ ሁለት ወጣ። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ ከታናሽ ወንድሜ ከከድር ጋር ግቢያችን ውስጥ መኪናዋ ሥር ገባሁ። የአምስት ዓመት የጅዳ ልፋቱ ይህች ሁለት በር ስፖርት መኪና ናት፤ ለሙሽሮች ሊያከራያት ነበር። የወረኢሉ መንገድ የፊት እግሯን ሰበረው። አዲስ ሞላና አሞርዛተር ገጠምንላት። ክሪኩን ሳወርድ ግን አፍንጫዋ መሬት ነካ፤ ሞላው የሚደገፍበት ብረት ራሱ ተቀዷል።

«አያ፣ ቢበየድስ?» አለኝ።

«እሷስ ትበየድ። መንገዱን ማን ይበይደዋል?»

ሳቀና እጁን ጠረገ። «እንግዲህ ወደ ጅዳ እመለሳለሁ። በዚያው በባሕሩ።»

ባለፈው አብረውት ጀልባ ከተሳፈሩት ግማሾቹ አልደረሱም። «አትሂድ» እንዳልለው፣ ሱቁ ሁለት ቤተሰብ አይችልም።

ነገ፦ ለከድር ከገበያ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ መግዛት።