በረንዳዬ ላይ የቆመው ታንከር

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ
የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስልክ። የካዛንቺሷ እማማ የሺ ናቸው፤ ከኮንዶሚኒየም ቤቴ ሥር ያሉት ጎረቤት። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ከላይ ልስን ተሰብሮ ትከሻቸው ላይ ወደቀ። እየሳቁ ነው የነገሩኝ።

ማታ። ልጃቸው ሰላም ፎቶ ላከች። ጉዴ ፈላ ማስታወሻዬ። ተከራዬ ፍጹም በረንዳዬ ላይ የውሃ ታንከር ገትሯል፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እሱን ለማስገባት መከለያውን አፍርሷል። ከሥሩ ስንጥቅ፣ ከጫፍ እስከ ግድግዳ። እኔ ሐዋሳ። ምን ላድርግ?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ
ቤቱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ። የልጁን የሜሮንን ክርስትና አንስቼ አበልጅ ሆንና! ከዚያ ወዲያ ቤቴን ልይ ማለት ነውር መሰለኝ። ትርፉን ቁልፍ ሳይቀር በክርስትናው ዕለት ለሚስቱ ሰጠኋት፣ አላመነችንም እንዳይሉ። ይሉኝታዬ ሰው ሊገድል ነው።

ደወልኩ። አበልጄ፣ አበልጄ አለኝ እንደ ወትሮው። ውሃው በፈረቃ ነው፣ ሕፃን አለን፣ ስንጥቁ የቀለም ነው፣ በቃ አትጨነቂ። ስቆጣ ጊዜ ለስለስ አለ። ዛሬውኑ አጎድለዋለሁ፣ ሜሮን ትሙት አለ። ደነገጥኩ። በክርስትና ልጄ ከማለ አይዋሽም ብዬ ተኛሁ።

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ጠዋት 3፡00
ዋሽቷል። እማማ ደወሉ፦ እነ ፍጹም ላይ ቤቱን ቆልፈው ለንግሥ አገር ቤት ሄደዋል፤ ከስንጥቁ ውሃ ይንጠባጠባል። ሞልቶት ነው የሄደው። ስልኩ ዝግ። እማማን ለመንኳቸው፣ እባክዎ በረንዳው ላይ አይውጡ። እሺ አሉ።

4፡30
ሰላም ከታች፣ ከግቢው ሆና ሌላ ፎቶ ላከች። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ከሥሩ፣ እማማ በረንዳ ጥግ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። አጎላሁት። ነጠላ ነው። እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ደወልኩ፣ ጮኽኩ። ጉልበቴ ያለ ፀሐይ እምቢ ይለኛል ልጄ፣ የሞት ቀን እንደሆነ አይቀርም አሉ። እስኪገቡ ስልኩን አልዘጋሁም። ታች ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አምላኬ።

5፡15
ወሰንኩ። በሩ ተሰብሮ ታንከሩ ይጉደል። ሰላም አመነታች፤ የሰው ቤት እንዴት ይሰበራል፣ ይከሱሻል አለች። ቤቱ የኔ ነው ብዬ ጮኽኩባት፣ ወዲያው አፈርኩ። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ባለበት ይሁን አልኳት። ፍጹም ይክሰስ። አበልጅነቱም ይቅር። ሜሮንን ግን ያሳዩኝ ይሆን?

ስልኩ ክፍት ነው። መዶሻ ይሰማኛል። እጄ ሥራ ካልያዘ አብዳለሁ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው። ቤቴን አበላሸብኝ ብዬ ሳለቅስ ሰንብቼ አሁን ቶሎ ስበሩት እያልኩ ነው።

ተከፈተ። ማንም በረንዳው ላይ እንዳይረግጥ አልኩ። አይሆንም አለች ሰላም። ለካ የታንከሩ ቧንቧ ከውጭ በኩል ነው፤ የሚያጎድለው ሰው እዚያው ላይ መቆም አለበት። አላሰብኩትም። እንዴት አላሰብኩትም?

ሰላም ከሁላችሁ እኔ እቀልላለሁ ስትል ሰማኋት።

አትውጪ አልኳት። ሰላም፣ አትውጪ። ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠችው መሰለኝ። ነጠላ ጫማዋ ይሰማኛል፣ ቀስ እያለች ወደ በረንዳው…