ቀይዋና አሮጌዋ ሚኒባስ

ጥር 13
የፊዚክስ ፈተና ነበረን። ደህና ሠርቻለሁ።

ወንድሜ ይኸነው ዛሬም ቀይዋን ሲያጥብ ዋለ። የጋሽ ገበየሁን የድሮ የስፖርት መኪና... ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ። ጋሽ ገበየሁ ለሠርግ ያከራያታል፣ ይኸነው ይነዳታል። አጠገቧ የአባባ ሚኒባስ። ጎኗ የተጣፈ፣ በሯ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ።

«የትኛዋ ትሻላለች?» አለኝ።
«ሚኒባሷ። አሥራ ሁለት ሰው ትጭናለች።»
«እሷማ ድንችም ትጭናለች!»

በቀይዋ ውሰደኝ አልሁት። «ሁለተኛው ወንበር የምሥራቅ ነው» አለ። እጮኛው ናት። ተናደድሁ።

ጥር 15
ለእማ ነገርኋት። ይኸነው በቀይዋ መቶ ሃያ ይነዳል፣ ትናንት ሰው ሊገጭ ነበር... ሁለቱም ውሸት። ለምን አልሁ?

እማ አስማለችው። «በጊዮርጊስ፣ ያቺን መኪና ሁለተኛ አትነካትም!» ማለ። ከነገ ጀምሮ በአባባ ፈንታ ሚኒባሷን ሊነዳ ነው። እኔን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ጥር 17
ይኸነው ሞተ።

ጥር 19
ትናንት ቀበርነው።

አዲስ ቅዳም ከተማ ሳይደርስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። የሚኒባሷ ፍሬን እምቢ አለው። ከመንገድ አውጥቶ ከዲከረንስ ዛፍ ጋር አላተማት። ተሳፋሪዎቹ ተረፉ። አሥራ ሁለቱም። እሱ ብቻ...

በእኛ አገር የሟች ፈረስ ተጭኖ፣ የባለቤቱን ልብስ ለብሶ በለቅሶው መሐል ይመራል። ይኸነው ፈረስ የለው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ጋሽ ገበየሁ ቀይዋን አመጣት። ጃኬቱን ወንበሩ ላይ አድርገው፣ ሞተሯን አጥፍተው፣ በእጅ እየገፉ አዞሯት። አንዲት ጭረት የላትም! እማ ኮፈኗን በጡጫዋ መታችው። «ከአንቺ አስጥዬ ለማን ሰጠሁት!»



ጥር 22
ትገድላለች የተባለችው ቀይዋ አልነበረችም? ፍሬኗን እኮ ባለፈው ወር ራሱ ነው የቀየረላት። በእሷ ቢሆን ኖሮ...

ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ጥር 25
አባባ እህል አልቀመሰም። ውኃ ብቻ። «በአሮጌ መኪና የላክሁት እኔ ነኝ» ይላል፣ ደጋግሞ። እሰማለሁ። ዝም እላለሁ። እስከ መቼ?

ጥር 28
ለእማ ነገርኋት። «ውሸቴን ነበር። በፍጥነት አይነዳም ነበር።»

«አውቄያለሁ» አለች።

ምን?

«ስትዋሽ ዓይንህ ይርገበገባል። ያቺን መኪና ስለምጠላት ሰበብ አገኘሁ ብዬ ነው ያስማልሁት።»

እያወቀች! ጥፋተኛው እኔ ብቻ መስሎኝ...

እጄን ይዛ ወደ አባባ አስገባችኝ። ሁሉንም ነገረችው፣ የእኔንም የሷንም። እስኪመታኝ ጠበቅሁ። አባባ ተራ በተራ አየን።

«ፍሬኑን ግን ያላስቀየርሁት እኔ ነኝ» አለ።

ማናችንም «አይደለህም» አላልነውም።

እማ የቀዘቀዘ ሽሮ አቀረበች። አባባ እንጀራ ቆረሰና መጀመሪያ እኔን አጎረሰኝ። ከዚያ እሷን። ከዚያ ራሱ በላ።