«እንቅርት ነው» ያልናት ጊዜ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለጠይብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሰዓዳስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ ወይ? የሞያሌ ሙቀት እንዴት አድርጎ ይዟችኋል? እኛ እዚህ ዳባት አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ጠዋት ጠዋት የኅዳር ውርጭ ጣት ያደነዝዛል እንጂ ሌላ ቅሬታ የለንም። የገብሱ አጨዳ ተጀምሯል። እኅታችን ረህማም በርትታለች፤ የእሷን ነገር ከታች በዝርዝር ጽፌልሃለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ያመጣኸውማ አንተ ነህ። ስለ አንገትህ በጠየቅሁህ ቁጥር «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ትለኛለህ፤ ስለ በሬ ዋጋ ሳነሳ ግን ኔትወርኩ ጥርት ይላል። ሰዓዳ ለኑራ ነግራታለች። ከመንጋጋህ በታች በግራ በኩል የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት ከወጣ ሁለት ወር አልፎታል፤ «ጥርሴ ነው፣ አያመኝም» ብለህ ዝም አሰኝተሃታል። ሰዓዳን እንዳትቆጣት፤ ጨንቋት ነው። ደብዳቤ አይቆራረጥምና እስከ መጨረሻው አንብበው።

የእኅታችን እንቅርት የቆየ መሆኑን ታውቃለህ። እናታችንም ነበረባት። በእኛ አገር አንገቱ ያበጠ ሰው ቢያልፍ ማንም ዞር ብሎ አያይም። አምና ክረምት ላይ ግን የረህማ እንቅርት አንድ ጎኑ ጠጠረ። ከአንገቷ ወደ ትከሻዋ ሲወረድ ደግሞ ሌላ ትንሽ እብጠት ወጣ፤ ድምጿም ጎረነነ። እሷ ብርድ ነው፣ ገበያ ላይ ጮኼ ነው ስትል ከረመች። ሻሿን ስለምትጠመጥም እኛም አላየነውም። ያየችው ልጇ ኑራ ናት፣ ጸጉሯን ስታጥባት። ይሄ ምንድን ነው ብትላት «አዮዲን ያለው ጨው ለዳባት ሕዝብ የምሸጠው እኔ ነኝ፤ በእኔ ላይ ደግሞ እንቅርት ይጨምራል?» ብላ ሳቀችባት።

በስንት ልመና ጎንደር ወሰድናት። በአልትራሳውንድ ታየች፤ በቀጭን መርፌም ናሙና ተወሰደላት። ውጤቱን ልንቀበል የሄድነው ግን እኔና ኑራ ብቻ ነበርን። ዶክተር መስከረም ካንሰር መሆኑን ነገረችን። ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ፣ ሳይዘገይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ተስፋው ብዙ ነው አለችን። የዚያን ዕለት ደወልንልህ። ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ፤ «አደራ፣ ያንን ቃል እንዳትሰማ! እንቅርት ነው በሏት።» ኑራም እያለቀሰች ይኸንኑ አለች፤ እኔም እሺ አልኩ።

ያላሰብነው ነገር እዚህ ላይ መጣ። ረህማ አልሄድም አለች። «ለእንቅርት ብዬ አንገቴን ልታረድ? እናቴስ ከእንቅርቷ ጋር አይደለም ወይ የኖረችው?» እኔ ስለምን፣ ኑራ ስታለቅስ፣ እሷ በርበሬዋን ስትሰፍር ሳምንታት አለፉ። እውነቷን ነው። በዚህ አገር ለእንቅርት ብሎ ሆስፒታል የሚተኛ ማን አለ? ልናሳርፋት ብለን የነገርናት ቃል ከሕክምናዋ አስቀራት።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ ሱቋ ገብቼ ተቀመጥኩና፣ ረህማ፣ እንቅርት አይደለም፣ ካንሰር ነው አልኳት። ጣሳውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ «ይቺን ለመናገር ነው እንዲህ ስትዞረኝ የከረምከው? እኔ ደግሞ ሚስት ላገባ ነው ልትለኝ መስሎኝ!» አለችኝ። ሻሿን ፈታ አድርጋ እብጠቱን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄ የጠይብ ምክር ነው፤ በልጅነቱም እንቁላል ሲሰብር ቅርፊቱን ኮሶው ዛፍ ሥር ይቀብር ነበር። እምቢ ያልኩት ለእንቅርት ነው፤ ለዚህማ ነገ ጠዋት እንሄዳለን» አለች። በማግሥቱ ሚኒባስ ውስጥ ቀድማን ገብታ ጠበቀችን። መንገድ ላይ ኮሶዬ ከተማ ስንደርስ ጉሙ ተገለጠ፤ እሷም ዱዓዋን ጨርሳ ለኑራ ብርቱካን ትልጥላት ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። አሁን በየቀኑ ክኒን ትውጣለች፤ በቀጠሮዋም ትታያለች። አዲስ አበባ ሄዳ የምትጨርሰው ሕክምና ሊኖር ይችላል። ድምጿ ገና ስለሆነ ገበያ ላይ የምትጣራው ኑራ ናት፤ ረህማ ግን «ጨው የምትሸጥ ሳይሆን ይቅርታ የምትለምን ነው የምትመስለው» እያለች ታማርራለች።

ባለፈው ቀጠሮዋ ስለ አንተ ጉዳይ ጥያቄዎቼን በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ሄድኩ። ዶክተሯም «መምህር፣ ዛሬ ተፈታኟ እኔ ነኝ እንዴ?» ብላ ሳቀች። እንደነገረችኝ፣ በአንገት ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ከጉሮሮ ሕመም ወይም ከጥርስ የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያማል፤ በሁለት በሦስት ሳምንት ይጎድላል። የቲቢም እብጠት አለ፤ እሱ በመድኃኒት ይድናል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ የጠጠረ፣ ሲነኩት የማይንሸራተት ወይም እያደገ የሚሄድ ከሆነ ግን መመርመር አለበት። ድምፅ ጎርንኖ ከቀረ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ ካለም እንዲሁ። አለማመሙ ደህና ነው አያሰኝም፤ አደራ፣ ማንም በጋለ ብረት እንዳይተኩስህ። የጠይብስ ምን ይሆን ብላት «ያላየሁትን አንገት አልመረምርም። ጥርሱ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ወር ካለፈው ግን ይታይ» አለችኝ።

ለሰዓዳ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ስለነገረችን አመሰግናታለሁ። ለፉአድ በትምህርቱ እንዲበረታ ንገርልኝ፤ ትንሿን ሒክማን ጉንጯን ሳምልኝ። ኑራ እጅ ትነሳሃለች። ለረህማ የአንተን ነገር የሰማን ዕለት ነገርናት፤ መደበቁ ይብቃን ብለናል። ልትደውልልህ ብላ ድምጿ አልወጣ ሲላት እንዲህ ብለህ ጻፍ አለችኝ፦ «ሐኪም ቤት ይሂድ። የሚነግሩትንም፣ ጥሩም ይሁን ክፉ፣ እንዳለ ይላክልኝ። እኔ ሰምቼ ቆሜአለሁ፤ የእሱንም እሰማለሁ። ኮሶው ሥር እንዳይቀብረው።»

ወንድምህ አነስ

ዳባት፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.