አርብ አርብ የሚሞላው ስኮርታ

ዘሃራዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከተለየሽን ዛሬ ሰባት ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነ። ቀኑን የምትቆጥረው ልጃችን ፈቲያ ናት፤ እኔማ እንደምታውቂኝ ሰኞና ማክሰኞም ይምታቱብኛል።

ቤቱ ደህና ነው። ሱቅሽን እህትሽ ይዛዋለች፤ ሳፋውንና ጀሪካኑን እንደ አንቺ በየመጠኑ አትደረድርም እንጂ ትሸጣለች። መንገዱን ለባቡር ብለው ስለቆፋፈሩት ከሲኒማ ራስ አብነት ለመድረስ ግማሽ ከተማ መዞር ሆኗል። ፒክአፗ አርጅታለች፣ እኔም እንደዚያው። ልጽፍልሽ የተነሳሁት ግን ስለ ስኮርታዋ፣ ስለዚያች ትርፍ ጎማ ነው። አትሳቂ። ነገሩ ግራ አጋብቶኛል፤ ከአንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው ደግሞ የለም።

ፈቲያ የአስረኛ ክፍል ፈተናዋን የምትጀምር ቀን፣ እኔ አደርስሻለሁ ብዬ ይዣት ወጣሁ። አብነት ልንደርስ ስንል የኋላው ጎማ ተነፈሰ። እኔ ምን ቸገረኝ! ስኮርታዬ ከመኪናዋ ሆድ ስር ታስሮ ይጠብቀኛል። ክሪኩን እየደገንኩ የዘወትር ወሬዬን ጀመርኩላት። በአስራ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ስኮርታዬ አየር ጎድሎት እንደማያውቅ፣ ሌላው ሾፌር በየመንገዱ ጎማ ሲለምን የኔ እጅ ግን በረካ እንዳለው። ስንት ጊዜ ሰምተሽዋል? ፈትቼ ሳወርደው እንደ እርጥብ ጆንያ መሬት ላይ ተኛ። ፈቲያ ሰዓቷን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ያገኘችው ታክሲ ውስጥ ገባች። ደርሳለች፣ አትጨነቂ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ጎማውን እያንከባለልኩ ጭድ ተራ ጋ ያለው ጎሚስታ፣ ሽኩር ዘንድ ሄድኩ። ገና ሲያየው፣ "ጎማው ያረፈበት ቸርኬ ስለዛገ ድሮም ቀስ እያለ ያፈሳል እኮ፣ ጋሼ" አለኝ። ድሮም ማለቱ አልገባኝም። ከመቼ ጀምሮ ነው ስለው አንገቱን ደፋ። ደጋግሜ ስጠይቀው ተናገረ። አርብ አርብ መኪናዋን ሱቅሽ በር ላይ አቁሜ ለጁምዓ ስሄድ ታስጠሪው ነበር። ያወርደዋል፣ ይሞላዋል። አንቺ የሳሙና ውሃ እየቀባሽ የት ጋ አረፋ እንደሚያወጣ ታሳዪዋለሽ። እኔ ሰግጄ ሳልመለስ መልሶ ያስረዋል። ሁልጊዜም "እንዳትነግረው" ትዪው ነበር። ካረፍሽ ወዲህ የሚጠራው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ተናደድኩብሽ፤ በሟች መናደድ ነውር ነው፣ አፉ በይኝ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፒክአፗን እንደገዛን ሰሞን፣ ፈቲያ ገና ድክ ድክ ስትል፣ ሲኒማ ራስ ሱቅሽ በር ላይ ያ ሁሉ ሾፌርና ተሸካሚ ቆሞ፣ "ስኮርታው የጎደለ ይመስለኛል" አልሽኝ። እኔም "አንቺ ሳፋሽን እወቂ፣ ጎማውን ለኔ ተይው" ብዬ ጮህኩብሽ። ሰው ሳቀ። አንቺም የሳቅሽ መስሎኝ ነበር። አሁን ያን ፊትሽን ለማስታወስ ብሞክር ብሞክር አልመጣልህ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መኪና አንዲት ቃል ተናግረሽኝ አታውቂም። ይህንንም ልብ ያልኩት ገና አሁን ነው።

ኩራቴን ልትጠብቂልኝ ነበር ወይስ ጩኸቴን ፈርተሽ? ጠዋት አንዱ ይመስለኛል፣ ማታ ሌላው። ተመልሼ ሽኩርን ጠየቅኩት፤ "እንዳትነግረው" ስትዪው እየሳቅሽ እንደሆነ። እሱም "እኔ ጎማው ላይ አቀርቅሬ፣ ጋሼ፣ ኮምፕሬሰሩም እየጮኸ፣ ፊታቸውን መች አየሁት" አለኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። አሁን የቤቱን ዕቃ ሁሉ በጥርጣሬ ነው የማየው። ሳልሰማ ስትሞይው የኖርሽው ሌላስ ምን አለ? ከወንድሜ ጋር በተጣላሁ ቁጥር እሱ ቀድሞ የሚታረቀኝ በራሱ ነበር?

ባለፈው አርብ ከጁምዓ ስመለስ ሱቅሽ በር ላይ ስኮርታውን አወረድኩት። ሽኩር ያለኝን ነግሬያት ስለነበር ፈቲያ የሳሙና ውሃ ይዛ መጣች፤ አጎንብሳ ዙሪያውን ቀባችው፣ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ ከዚያ "አባዬ፣ የጎደለ ይመስለኛል" አለች። እኔ በእግሬ መትቼው ሙሉ መስሎኝ ነበር። ሾፌሮቹ ቆመው ያያሉ፤ አንዱ ሳቅ አለ። ያቺ የድሮ ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። ዋጥኳትና "እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ ይሞላል" አልኩ።

ዘሃራዬ፣ ያኔ ነው ያየሁት። ልጅቷ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባ ነበር። ልጮህባት እየጠበቀች ነበር። እሺ ስላት ቀና ብላ አየችኝ፣ ትከሻዋም ቀስ እያለ ወረደ። ያንቺም ትከሻ እንዲያ ነበር? አስራ አራት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ እንዴት አላየሁም?

ጎማውን አብረን እያንከባለልን ሽኩር ጋ ወሰድነው። ሲለካው ጎድሏል።

አንቺን የማልረሳሽ በዱዓ ብቻ አይደለም። አርብ አርብ ስኮርታው ይወርዳል። ልጅሽ ሰው ፊት ቆማ፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ ጎድሏል ትለኛለች፤ እኔም ትከሻዋን አያለሁ።